የሁለተኛ ዲግሪ ሠዓሊ የሚማረው ሰው ፊት ነው

ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአለ ሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፡- የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን ዐውደ ርዕይ፣ ውይይትና የውጭ ዕድል ይመለከታል

የማስተርስ ተማሪ ወደ እናንተ የሚመጣው ቀለም መበጥበጥ ወይም የሰው አካል መመጠን ለመማር አይደለም። ያንን በመጀመሪያ ዲግሪው ጨርሶታል፤ ካልጨረሰም ቀሪው ጊዜ አያካክስለትም። በሁለተኛው ዲግሪ የሚጨመርለት ነገር ሌላ ነው። ሥራውን ለማያውቀው ሰው ያቆማል፣ ለምን እንዲህ እንዳደረገው ይጠየቃል፣ መልስ ያጣል፣ ተመልሶ ይሠራል። ይህ በሩ በተዘጋ ስቱዲዮ ውስጥ አይገኝም። ስለዚህ ዐውደ ርዕዩን፣ የእንግዳ ሠዓሊ ንግግሩን፣ የስኮላርሺፑንና የሬዚደንሲውን (በሌላ ተቋም ለተወሰነ ጊዜ ተቀምጦ የመሥራት ዕድሉን) ጥሪ ጊዜና ገንዘብ ሲተርፍ የሚታሰቡ ዝግጅቶች አድርጎ መያዝ የድኅረ ምረቃ ትምህርቱን እምብርት ትርፍ ነገር ማድረግ ነው። ይህን ግልጽ ደብዳቤ የምጽፈው ሦስቱም የሥርዓተ ትምህርቱ አካል ሆነው እንዲያዙ ለመጠየቅ ነው። ቀናቸው አስቀድሞ ይቆረጥ፣ ክሬዲት ይሰጣቸው፣ የተባለውና የታየው በጽሑፍ ይቀመጥ፣ ጥሪያቸውም ለሁሉም ተማሪ እኩል ይድረስ።

ጥያቄው ዛሬ ለምን እንደከበደ ለማየት ዕድል ወደዚህ ትምህርት ቤት በምን መንገድ ይመጣ እንደነበር ማስታወስ ይጠቅማል። ትምህርት ቤቱ በ1950 ዓ.ም. ሲከፈት መሥራቹ ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ተምረው የተመለሱ ነበሩ። አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር፤ ወደ ሥዕል የዞሩት እዚያው ነው። እስክንድር ቦጎሲያን እ.ኤ.አ. በ1955 ወደ ለንደን፣ ኋላም ወደ ፓሪስ ሄዱ፤ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ደግሞ በጀርመን ኮሎኝ ተማሩ። ከአብዮቱ በኋላ መንገዱ ወደ ምሥራቅ ዞረ፤ ለአሥርት ዓመታት በትምህርት ቤቱ ያስተማሩት ታደሰ መስፍን የተማሩት በሶቪየት ኅብረት ነው። የንጉሠ ነገሥቱና የደርግ መንግሥታት በሁሉም ነገር ቢለያዩም በአንድ ነገር ይመሳሰሉ ነበር። ዕድሉ የሚወርደው ከላይ ነው። መራጩም ደብዳቤ ጻፊውም መንግሥት ነበር፤ ኤምባሲውም ሆነ የአውሮፕላን ትኬቱ በዚያው መስመር ያልቅ ነበር። ፍትሐዊ ነበር አልልም። ነገር ግን ተማሪው ራሱን ለዓለም እንዴት እንደሚያስተዋውቅ ማወቅ አይጠበቅበትም ነበር፤ ሥራው መሳል ብቻ ነበር።

ዛሬ ያ መስመር ጠብቧል። የቀሩት ስኮላርሺፖች ቢኖሩም ለሠዓሊ የሚሆነው አብዛኛው ዕድል ግለሰቡ በራሱ ስም፣ በራሱ ኮምፒውተር፣ ከዓለም ሁሉ አመልካቾች ጋር ተሰልፎ የሚወዳደርበት ሆኗል። የአምስተርዳሙ ራይክስአካዳሚ፣ የፓሪሱ ሲቴ ኢንተርናሲዮናል ዴዛር፣ በዳካር ኬሂንዴ ዋይሊ የመሠረተው ብላክ ሮክ፣ የዳካር ቢናሌ፣ የጀርመኑ የአካዳሚክ ልውውጥ አገልግሎት (ዳአድ) ሁሉም በየራሳቸው ደንብና ቀን ማመልከቻ ይቀበላሉ። እንግዲህ መንግሥት ይሠራው የነበረውን ሥራ ማን ወረሰው? እንደ እኔ አስተያየት ማንም አልወረሰውም፤ ለተማሪው ተራገፈ እንጂ። ትምህርት ቤቱ በቀድሞው ዘመን ልማድ ሥዕል ማስተማሩን ሲቀጥል፣ የመላክ ሥራው ባለቤት አጥቶ ቀረ።

አንድ ጥሪ ምን እንደሚጠይቅ ቀረብ ብለን እንየው። አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር እስከ ሃያ የሚደርሱ የሥራ ፎቶግራፎች ይፈለጋሉ፤ እያንዳንዱ ከተወሰነ መጠን ሳይበልጥ፣ ከሥሩ ርዕሱ፣ ዓመቱ፣ የተሠራበት ነገር፣ ቁመትና ስፋቱ በሴንቲ ሜትር ተጽፎ። በኒዮን መብራት ሥር፣ ሸራው ግድግዳ ላይ ዘመም ብሎ፣ በስልክ የተነሣ ፎቶ ጥሩውን ሥዕል መጥፎ ያስመስለዋል፤ መራጩ ደግሞ የሚያየው ሥዕሉን ሳይሆን ፎቶውን ነው። ቀጥሎ ሠዓሊው ስለ ሥራው በሦስት መቶ ቃል ገደማ፣ በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ የሚጽፈው መግለጫ አለ። ከዚያ የሁለት መምህራን የድጋፍ ደብዳቤ። ከዚያ የመዝጊያው ሰዓት። «23፡59 የመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት» የሚለው ማስታወቂያ በኅዳር ወር አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ነው፤ በሐምሌ ደግሞ 6 ሰዓት ከ59። ዝርዝሩ ያስቃል፤ የአንድ ዓመት ድካም የሚቀልጠው ግን እንዲህ ባለው ዝርዝር ላይ ነው። አንዳንዱ ጥሪ የማመልከቻ ክፍያም አለበት። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ያኔ 1,700 ብር ግድም የነበረው የ30 ዶላር ክፍያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ3,500 ብር አልፏል። ብሩ ቢገኝ እንኳ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያለው ተማሪ ስንት ነው? ከውጭ በሚገባው የዘይት ቀለምና ሸራ ላይ የደረሰው የዋጋ ጭማሪ ሳይነሣ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ጥሪው መኖሩን መስማት አለ። በከተማችን የሥነ ጥበብ ዓለም እንዲህ ያለ ወሬ የሚዞረው በሰው በሰው ነው፤ ከጋለሪ ባለቤት ጋር ቡና የሚጠጣ ይሰማል፣ ከባህል ተቋም ሠራተኛ ጋር የሚተዋወቅ ይሰማል፣ ከክልል መጥቶ ኪራይ ቤቱንና ስቱዲዮውን ብቻ የሚያውቀው ሳይሰማ ያልፈዋል። ይህ የማንም ተንኮል ላይሆን ይችላል። ግን ውጤቱ ከተንኮል አይለይም፤ ከመወዳደሩ በፊት ውድድሩ ያልቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄዬ በጣም ቀላልና ርካሽ ነው። ትምህርት ቤቱ የዕድሎች መዝገብ ይክፈት። በማስታወቂያ ሰሌዳውም በቴሌግራም ቻናሉም የሚወጣ፣ አንድ ስሙ የታወቀ ሰው የሚይዘው፣ የጥሪውን ስም፣ የመዝጊያውን ቀን በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር፣ የመዝጊያውን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር፣ ክፍያ መኖር አለመኖሩን የሚናገር መዝገብ ይሁን። ለትምህርት ቤቱ በስም የሚላክ ግብዣ ከመጣም አንድ መምህር ለሚወደው ተማሪ በጆሮው ከሚነግረው በፊት እዚያ መዝገብ ላይ ይስፈር። በዓመቱ መጨረሻ ስንት ሰው እንዳመለከተና ስንቱ እንደተቀበለ ቁጥሩ ይውጣ። ፖርትፎሊዮ ማዘጋጀት፣ ሥራን ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ስለ ሥራ መጻፍም በአንድ ሴሚስተር ክሬዲት ያለው ኮርስ ይሁን። በቪዛ በኩል ትምህርት ቤቱ የሚችለው ትንሽ ነው፤ የሚችለው ግን ተማሪው ቀጠሮው ሳያልፍ ማኅተም ያረፈበት የድጋፍ ደብዳቤ እንዲያገኝ ማድረግ ነው።

ወደ ዐውደ ርዕዩ ልለፍ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከኮሎኝ ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ1963 በአዲስ አበባ ያሳዩት ዐውደ ርዕይ ዛሬም ድረስ የሚጠቀሰው ሥዕሎቹ ስላማሩ ብቻ አይደለም። አብስትራክት ሥዕል የእኛ ነው ወይስ የባዕድ የሚል ክርክር ስላስነሣ፣ ክርክሩም ወደ ጽሑፍ ስለገባ ነው። ገጣሚው ሰሎሞን ዴሬሳ እ.ኤ.አ. በ1967 በ«ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» መጽሔት ላይ ስለ ገብረ ክርስቶስ የጻፉትን ዛሬም ተመራማሪዎች ያነቡታል። ሠዓሊው በስደት አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1981 አርፈዋል፤ ብዙ ሰው ሥዕሎቹን በዓይኑ ሳያይ ኖሯል፤ ክርክሩን ያኖረው ግን የተጻፈው ነው። አንድ ዐውደ ርዕይ ለተማሪ ትምህርት የሚሆነው በዚህ መንገድ ይመስለኛል፤ ተሰቅሎ ሲታይ፣ ታይቶ ሲያከራክር፣ ክርክሩም ሲጻፍ።

መስቀሉ ራሱ ደግሞ ስቱዲዮ የማያስተምረውን ያስተምራል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ግዙፍ ይመስል የነበረ ሸራ ሰፊ ነጭ ግድግዳ ላይ ሲወጣ ያንሳል። በኒዮን መብራት የተመረጠ አረንጓዴ በቀን ብርሃን ወደ ግራጫ ይጠጋል። ለየብቻ ጥሩ የነበሩ አምስት ሥራዎች ጎን ለጎን ሲሰቀሉ አንዱ ሌላውን ይደግማል፤ ሠዓሊው ለሁለት ዓመት አንድ ሥዕል ብቻ ሲሠራ እንደኖረ የሚያውቀው ያኔ ነው። ታዲያ ይህን የሚያውቀው በመመረቂያው ዐውደ ርዕይ ላይ ከሆነ ምን ይጠቅመዋል? የሚያስተካክልበት ጊዜ አልቋል፤ የሚቀረው ጋውን መልበስ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ጥያቄ የማስተርስ ተማሪ ከመመረቂያው በፊት በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ቦታ እንዲያሳይ፣ ዐውደ ርዕዩም ለመክፈቻው ምሽት ብቻ ሳይሆን ቢያንስ ለሁለት ሳምንት እንዲቆይ ነው። አሳዪው አንዱ ተማሪ ሲሆን ሥራዎቹን መርጦ የሚያሰናዳው ኩሬተር ሌላው፣ በሦስት ገጽ የሚጽፈው ደግሞ ሦስተኛው ይሁን። ዩኒቨርሲቲው በስድስት ኪሎ በገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የተሰየመ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ አለው፤ ጁሊ ምሕረቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራዎቿን ያሳየችው እዚያ ነው። የዓለም ታዋቂ ሠዓሊ ያስተናገደ ግድግዳ በዓመት ውስጥ ለተወሰኑ ሳምንታት የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቢሰቀልበት ክብሩ አይቀንስም።

ስለ ንግግሮቹ ብዙ አልልም፤ ከተማው ንግግር አላጣም። ከባህል ተቋማቱ እስከ ዞማ ሙዚየምና እስከ አዲስ ፋይን አርት ጋለሪ እየተጋበዘ የሚናገር ሠዓሊም ኩሬተርም አለ። የጎደለው ሌላ ነው። ንግግሩ ሲያልቅ ብዙውን ጊዜ የሚቀረው የተናጋሪው ፎቶግራፍ ነው፤ ምን እንዳለ፣ ማን ምን እንደጠየቀው የሚያነብ ተከታይ ትውልድ የለውም። ስለ አገራችን ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ከተጻፉት ሰፋፊ ጥናቶች አንዱ የሆነው የኤልሳቤጥ ወልደ ጊዮርጊስ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው በእንግሊዝኛ ነው፤ ጸሐፊዋ በገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የተሰየመውን ሙዚየም የመሩ የዚሁ ዩኒቨርሲቲ መምህርት ነበሩ። ለዓለም አንባቢ መጻፉ ተገቢ ነው። ግን ስለ ሥዕል በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ በቁም ነገር የሚከራከር ጽሑፍ ከየት ይመጣል? የእያንዳንዱ ንግግር ማስታወሻ በአንድ የማስተርስ ተማሪ ተጽፎ፣ በመምህር ታርሞ፣ በዓመት አንዴ በጥራዝ ቢወጣ በአምስት ዓመት ውስጥ ዛሬ የሌለን የሂስ ቤተ መጻሕፍት ይኖረናል። ተናጋሪውም ሁልጊዜ ከውጭ የመጣ ዝነኛ መሆን የለበትም። ፍሬም ሠሪ፣ አሮጌ ሥዕል የሚጠግን ባለሙያ፣ የጉምሩክ ትራንዚተር ይጋበዝ፤ ከአገር የሚወጣ ሥዕል ቅርስ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት ሊጠየቅበት እንደሚችል ተማሪው አየር ማረፊያ ላይ ከሚሰማው ክፍል ውስጥ ቢሰማው ይሻላል። ሌላም ትንሽ ነገር አለች። ንግግሩ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ከሚጀምር ከቀኑ 9 ሰዓት ቢጀምር ታክሲ አጥተው የሚቀሩ፣ በተለይም ሴት ተማሪዎች፣ ይመጣሉ።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ። የመጀመሪያው «በጀት የለም» የሚለው ነው፤ ከባድም እውነትም ነው። አንድ መብራት ለመግዛት ግዥ ክፍል የሚፈጀውን ጊዜ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይቀልድም። ግን ከላይ የዘረዘርኳቸው መልሰው ይታዩ። መዝገቡ የሚፈልገው ሰው እንጂ ብር አይደለም። ኮርሱ ቀድሞ ደመወዝ በሚከፈለው መምህር ይሰጣል። ማስታወሻውን ተማሪው ይጽፈዋል። ገንዘብ የሚጠይቀው ዐውደ ርዕዩና ጥራዙ ነው፤ ለእነሱ ከባህል ተቋማትና ከጋለሪዎች ጋር መተባበር ይቻላል፣ ሲደረግም ኖሯል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ይሻል። አጋሩ ወጪውን ሲሸፍን ርዕሱንም ይመርጣል። የራሱን ቀንና የራሱን ሐሳብ ይዞ የሚቀርብ ትምህርት ቤት አጋር ያገኛል፤ ባዶ እጁን የሚቀርብ ደግሞ አዳራሽ አከራይ ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመምህራን የሚመጣ ነው፤ እኔም ግማሹን እቀበለዋለሁ። ተማሪን ቶሎ ወደ አደባባይ ማውጣት ለገበያ መስጠት ነው፣ የሸጠውን ሥዕል እየደገመ ይኖራል፣ ሥራ ጸጥታ ይፈልጋል ይላሉ። ጸጥታ ይፈልጋል። ስለዚህ ገና ያልበሰለ ሥራ በመምህርና በጓደኛ ብቻ የሚታይበት ዝግ ውይይትም ይኑር፤ ተማሪው የትኛውን እንደሚያወጣ ራሱ ይምረጥ። ገበያውን በተመለከተ ግን ተማሪውን ከአደባባይ መከልከል ከገበያ አያድነውም። ትምህርት ቤቱ ያላሳየውን ተማሪ የሥዕል ሻጭ ያሳየዋል፤ የመጀመሪያ ተመልካቹ ገዢ፣ የመጀመሪያ ሂሱም ዋጋ ይሆናል። የማይሸጥበት፣ ዋጋ የማይለጠፍበት፣ ሰው ሊከራከር ብቻ የሚመጣበት ግድግዳ ማዘጋጀት የሚችለው ትምህርት ቤት ብቻ ነው። ከገበያ የሚከላከል ካለ እሱ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ይበልጥ የሚጣፍጠው ነው፤ «ያለዚህ ሁሉ ጣጣ ትልልቅ ሰዎች ወጥተዋል» ይላል። በርግጥ ወጥተዋል። ዘሪሁን የትምጌታ እ.ኤ.አ. በ1992 በዳካር ቢናሌ ከተሸለሙት አንዱ ነበሩ። መሪኮከብ ብርሃኑ እ.ኤ.አ. በ2022 በቬኒስ ቢናሌ ዋና ዐውደ ርዕይ ላይ ቀርባለች። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ኢትዮጵያ በቬኒስ ለመጀመሪያ ጊዜ ፓቪሊዮን ስትከፍት ገጣሚው ለምን ሲሳይ በኩሬተርነት ያቀረበው ተስፋዬ ኡርጌሳን ነበር፤ በዚያው ወቅት ኤልያስ ስሜም ቬኒስ ላይ ለብቻው አሳይቷል። ሠዓሊዎቹ ሁሉም የዚህ ትምህርት ቤት ፍሬዎች ናቸው፤ ማንም ሊኮራባቸው ይገባል። ነገር ግን ከተረፉት ተነሥቶ መንገዱ ደህና ነው ማለት አይቻልም፤ በመንገድ የቀሩት ስማቸው አይጠራም፣ ተቆጥረውም አያውቁም። ደግሞም ተስፋዬ ከአዲስ አበባ በኋላ ሽቱትጋርት ተምሮ ሥራውን ያጎለበተው ጀርመን እየኖረ ነው፤ መሪኮከብ የምትኖረው አሜሪካ ነው። ኤልያስ እዚሁ አገር ቢኖርም ከኩሬተር መስከረም አሰግድ ጋር ዞማን መሥርተው ሥራ የሚታይበትን ቦታ በራሳቸው እጅ ሠሩ። እነዚህ ታሪኮች ለተቃውሞው አይመሰክሩም። ተመልካች፣ ኩሬተርና ክርክር ባለበት አካባቢ መኖር፣ ወይም ያንን አካባቢ ራስ መሥራት ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ያሳያሉ። ተማሪያችን ያንን አካባቢ ፍለጋ አገር መልቀቅ አለበት ወይ ነው ጥያቄው።

ነገሩ ከአዲስ አበባም ያልፋል። በአገራችን የድኅረ ምረቃ ተማሪ ብዙ ጊዜ ከክልል ዩኒቨርሲቲ ለትምህርት የተላከ መምህር ነው። ተመልሶ የሚያስተምረው እናንተ ጋ ያየውን ነው። መዝገብ ያየ መዝገብ ይከፍታል፤ ጥሪ በጆሮ ሲነገር ያየ በጆሮ ይናገራል። ዩኒቨርሲቲው ራስ ገዝ ሆኗልና የትምህርት መርሐ ግብሩን የማሻሻል ሥልጣኑ ከቀድሞው ይልቅ ለእናንተ ቀርቧል።

ስለሆነም የሚቀጥለው ዓመት የዐውደ ርዕይና የንግግር መርሐ ግብር ከመስከረም ምዝገባ በፊት እንዲለጠፍ፣ የዕድሎች መዝገቡን የሚይዘው ሰው እንዲሰየም፣ የማይቻል ነገር ካለም የትኛው እንደሆነና ለምን እንደማይቻል ለተማሪዎቹ በጽሑፍ እንዲገለጽላቸው በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፡-
ለትምህርት ቤቱ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች
ለዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል
ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴር